መሪና ፔዳል ለኮምፒውተር የመኪና ውድድር፦ ከመግዛታችሁ በፊትና ከገዛችሁ በኋላ

ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያም ሆነ ከሐይቅ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የትኛውን መሪ ልግዛ?» መልሱ የሚጀምረው ግን ከመሪው አይደለም። ከፍሬኑና መሪው ከሚታሰርበት ጠረጴዛ ነው። በኮምፒውተር ውድድር ላይ መኪናውን ከመንገድ የሚያስወጣው በአብዛኛው እጅ ሳይሆን እግር ነው። በአንዱ ዙር ፍሬኑን 70 በመቶ፣ በሚቀጥለው ዙር እዚያው ቦታ ላይ 85 በመቶ የሚረግጥ ሰው፣ የቱንም ያህል ውድ መሪ ቢይዝ ኩርባው ውስጥ በየዙሩ የሚገባው በተለያየ ፍጥነትና በተለያየ መስመር ነው። መሪው ይህን ስህተት ይነግረዋል እንጂ አያርምለትም።

ስለ መሪው ግን መጀመሪያ ልናገር፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እሱ ላይ ነው።

መሪው እጃችሁ ላይ የሚናገረው

መሪው ውስጥ ያለው ሞተር ጨዋታው የሚልክለትን ቁጥር ወደ መጠምዘዝ ኃይል ይለውጣል፤ ፎርስ ፊድባክ የሚባለው ይህ ነው። እውነተኛ መኪና ኩርባ ሲገባ የፊት ጎማዎቹ ወደ ቀጥታ ለመመለስ ይታገላሉ፤ መሪው የሚከብደው ለዚህ ነው። ጎማው መያዝ ወደሚችለው ጫፍ ሲቃረብ ይህ ትግል ቀድሞ ይቀንሳል፤ መንሸራተቱ በዓይን ከመታየቱ በፊት መሪው እጅ ላይ ይቀላል። በክረምት ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አስፋልቱ ላይ የተንጣለለ ጭቃ የሚያጋጥመው ሹፌር እጁ ላይ የሚሰማው መቅለል ይኸው ነው። የጥሩ መሪ ሥራ ያችን ትንሽ ለውጥ ማሳወቅ ነው። ክብደቱ ራሱ ዋናው ነገር አይደለም፤ ዋናው ክብደቱ ሲለወጥ መሰማቱ ነው።

ኃይሉ የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። አንድ ኒውተን ሜትር ማለት ከመሪው መሐል 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተንጠለጠለ የአንድ ኪሎ ያህል ክብደት ነው። የሎጊቴክ ጂ29 እና ጂ920 ከፍተኛው ኃይል ከ2 ኒውተን ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ መሪያቸው 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ጠርዙ ላይ የሚሰማው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 5 ኒውተን ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር መሪ ላይ ወደ ሦስት ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ 8 ኒውተን ሜትር ደግሞ አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ሃይድሮሊክ ያለው ተራ የቤት መኪና ለነዳ ሰው ከ5 እስከ 8 ያለው ክልል እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያ በላይ ያለው የውድድር መኪናን ክብደት ለሚሹ ነው፤ የፊንላንዱ ሲሙኪዩብ እስከ 32 ኒውተን ሜትር የሚደርስ አለው። ለጀማሪ ግን ትርፉ የክንድ ድካም ነው።

ኃይሉ ከሞተሩ ወደ መሪው የሚተላለፍበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በጥርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡት ጂ29 እና ጂ920፣ በ2020 የተከተላቸው ጂ923 በዚህ ይሠራሉ፤ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች፣ 900 ዲግሪ የሚዞር መሪ፣ ከሦስት ፔዳል ጋር። ጥርስ ጠንካራ ነው፤ ብዙ ዓመት ይሠራል፤ ሁለተኛ እጅ ማግኘትም ከሌሎቹ ይቀላል። ችግሩ ጥርስና ጥርስ መካከል ክፍተት መኖሩ ነው፤ መሪው ቀጥ ባለበት ቦታ ትንሽ «ይጫወታል»፣ አስቸጋሪ መንገድ ላይ ደግሞ ይንጫጫል። ከዚያ የሚብሰው ግን ደቃቅ ኃይሎች በሰበቃው ተውጠው እጅ ሳይደርሱ መቅረታቸው ነው። ያቺ የመቅለል መልእክት አንዳንዴ የምትጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው በቺንጊያ ነው፤ ትረስትማስተር ቲ300 አር ኤስ (2014) የዚህ ክፍል አባል ሲሆን 1080 ዲግሪ ይዞራል። ቲ150 እና ቲ248 ቺንጊያና ጥርስ አጣምረው ይሠራሉ። ለስላሳ ነው፣ ድምፁ አነስተኛ ነው፣ ኃይሉም ከጥርሱ ይበልጣል። ላስቲኩ ግን ፈጣን ለውጦችን ጥቂት ያደበዝዛል። ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት ሲነዳ ደግሞ ሞተሩ ይግልና ኃይሉ ይቀንሳል። ሙቀት በሚበረታባቸው ቆቦና ሐርቡ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የመሪውን የኋላ መተንፈሻ ከግድግዳ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዳይሬክት ድራይቭ ነው። መሪው በቀጥታ የሞተሩ ዘንግ ላይ ይታሰራል፤ መካከላቸው ጥርስም ቺንጊያም የለም። ድሮ ዋጋው የማይቀመስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የፋናቴክ ሲ ኤስ ኤል ዲ ዲ ሲወጣ ነው ወደ ተራው ተጫዋች የቀረበው። እሱ በ90 ዋት አዳፕተሩ 5፣ ለብቻው በሚሸጠው 180 ዋት አዳፕተር 8 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። የሞዛ አር3 3.9፣ አር5 5.5፣ አር9 9 ኒውተን ሜትር ናቸው። በ2022 የወጣው ሎጊቴክ ጂ ፕሮ 11 ይደርሳል፤ የትረስትማስተር ቲ598 ደግሞ 5 ነው። ፋናቴክ በ2024 በኮርሴር ተገዝቷል፤ ዋስትናና መለዋወጫ የምትጠይቁ ከሆነ ይህን አስቡበት።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። በጥርስ የሚሠራ መሪ ያለው ሰው ወደ ቺንጊያ አይሻገር፤ ልዩነቱ ለሚከፈለው ገንዘብ አይበቃም። የያዘውን ይዞ መጀመሪያ ፍሬኑን ያሻሽል፤ ከዚያ ገንዘብ ሲገኝ በቀጥታ ወደ 5 ኒውተን ሜትር ዳይሬክት ድራይቭ ይዝለል። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ላይ ከባድ መኪና ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን ጂ29 በቂ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው 900 ዲግሪ፣ ፍሪሲዮንና የካምቢዮ ሳጥን ነው እንጂ ኃይል አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። ሱቅ ውስጥ «ፎርስ ፊድባክ ያለው» እየተባሉ የሚሸጡ፣ ግን ንዝረት ብቻ ያላቸው መሪዎች አሉ። ፒ ኤክስ ኤን ቪ9 ለምሳሌ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ቢኖረውም ንዝረት እንጂ ፎርስ ፊድባክ የለውም፤ አምራቹም አለው አላለም። መለያው ቀላል ነው፦ መሪውን ከመብራት ነቅላችሁ አንድ ዙር አዙራችሁ ልቀቁት። በራሱ ወደ መሐል ከተመለሰ ውስጡ ላስቲክ ወይም ሞላ ነው። እውነተኛው ፎርስ ፊድባክ ያለው መሪ መብራት ሳይኖር የተተወበት ቦታ ላይ ይቀራል።

ፍሬን፣ ከሁሉ በፊት

የመኪና ፍሬን የሚታዘዘው ለግፊት ነው። ፔዳሉ የመጀመሪያውን ትንሽ ርቀት ከወረደ በኋላ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ እግራችሁ በጨመረው ኪሎ ልክ ይይዛል። ርካሾቹ የጨዋታ ፔዳሎች ግን የሚለኩት ርቀትን ነው። እግር ደግሞ ርቀትን የማስታወስ ችሎታው ደካማ ነው፤ ጉልበትን ነው የሚያስታውሰው። ርቀትን ሳይሆን የተረገጠበትን ጉልበት የሚለካው መሣሪያ ሎድ ሴል ይባላል፤ «ሎድ ሴል ከገባ በኋላ ሰዓቴ ተስተካከለ» የሚሉ ሰዎች የሚናገሩት ይህንን ነው። በዙር ላይ የሚቀንሰው ጊዜ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በዙርና በዙር መካከል ያለው ልዩነት ግን በጣም ይጠባል።

ርቀት የሚለኩት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ፖቴንሽዮሜትር ነው፤ በአሮጌ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ብረት በካርቦን ላይ እየተፋተገ የሚሠራ። አቧራ ሲገባው ወይም ካርቦኑ ሲበላ ቁጥሩ ይዘላል፤ ሳትረግጡ ፍሬን ይይዛል፣ ነዳጅ ሞልታችሁ ረግጣችሁ 93 በመቶ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው በማግኔት የሚሠራው ሆል ሴንሰር ነው፤ ምንም ነገር አይፋተግም፤ ስለዚህ አያረጅም ማለት ይቻላል። የቲ248 ፔዳሎች እና የፋናቴክ ሲ ኤስ ኤል ፔዳሎች በማግኔት ናቸው። ለነዳጅና ለፍሪሲዮን ሆል ሴንሰር ከበቂ በላይ ነው፤ ሎድ ሴል የሚያስፈልገው ለፍሬን ብቻ ነው።

ፖቴንሽዮሜትር መዝለል ከጀመረ ከመጣላችሁ በፊት አጽዱት። ፔዳሉን ገልብጣችሁ በካቻቪቴ ክፈቱ፤ ብሎኖቹ የተለያየ ርዝመት ሊኖራቸው ስለሚችል የወጡበትን ቦታ ፎቶ አንሱ። የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ካገኛችሁ በጀርባው ባለው ክፍተት ትንሽ ነፍታችሁ ዘንጉን 30 ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አዙሩት። ስፕሬይ ከሌለ የፋርማሲ አልኮል ይሠራል፤ ነገር ግን 70 በመቶ የሚለው ቀሪው ውሃ ስለሆነ አንድ ሌሊት ሳይደርቅ መብራት እንዳትሰጡት። ተራ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ግን አትንፉበት፤ አቧራ ይይዝና ከበፊቱ የባሰ ያደርገዋል። ከጽዳቱ በኋላ በወር ውስጥ ችግሩ ከተመለሰ ካርቦኑ አልቋል ማለት ነው። በመልቲሜትር የዳርና የዳር እግሮቹን ለክታችሁ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው፣ «ቢ» ፊደል የተጻፈበት ቀጥተኛ ዓይነት ግዙ። «ኤ» የተጻፈበት ለድምፅ የሚሆን ነው፤ ፔዳል ላይ ከተገጠመ መጀመሪያ ላይ ምንም አይልም፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ይሞላል።

አንድ ነገር ብዙዎች አያስተውሉም፦ የፔዳሉ ጎማ ለብርድ ይታዘዛል። ርቀት በሚለካ ፍሬን ውስጥ ተቃውሞ እንዲሰጥ የገባው ጎማ ሲበርደው ይጠነክራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደሴ በማለዳ የምትነዱ ከሆነ ያው ጉልበት ትንሽ ርቀት ብቻ ይወርዳል፤ ጨዋታው የሚያየው ደካማ ፍሬን ነው። ያንኑ ፔዳል ኮምቦልቻ ወስዳችሁ ከሰዓት ብትነዱበት ፍሬኑ ጎማ ይቆልፋል። ሎድ ሴል የሚለካው ጉልበትን ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም፤ የእግሩ ስሜት ይለወጥ ይሆናል እንጂ ቁጥሩ አይለወጥም።

ዝግጁ የሆኑ ሎድ ሴል ፔዳሎች አሉ። የትረስትማስተር ቲ ኤል ሲ ኤም እስከ 100 ኪሎ ይለካል፤ ፋናቴክና ሞዛም ለብቻው የሚጨመር ወይም አብሮ የሚመጣ አላቸው። ከውጭ ማስመጣት ከከበደ ግን አብሽሩ፤ እጁ ብየዳና ሽቦ የለመደ ሰው ራሱ መሥራት ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ ሎድ ሴል፣ ኤች ኤክስ 711 የሚባል ትንሽ ማጉያ ካርድ እና በዩ ኤስ ቢ ራሱን እንደ ጆይስቲክ የሚያስተዋውቅ፣ አርዱዊኖ የሚባል በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ካርድ ነው፤ ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ። አርዱዊኖ ኡኖ አትግዙ፤ እንደመጣ ኮምፒውተሩ ጆይስቲክ ብሎ አያውቀውም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የሎድ ሴሉ መጠን ነው። ፔዳሉ ማንሻ ነው። የፔዳሉ ክንድ ከማጠፊያው 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ሎድ ሴሉ ከማጠፊያው 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተገጠመ ጉልበቱ በአራት ይባዛል። በእግር 30 ኪሎ ስትረግጡ ሎድ ሴሉ ላይ የሚያርፈው 120 ኪሎ ነው፤ 50 ኪሎ የሚለው ሎድ ሴል ይጣመምና ዳግመኛ ወደ ዜሮ አይመለስም። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተገጠመ 60 ኪሎ ይሆናል፤ ለዚያ 100 ኪሎ የሚለው ይበቃል። ሁለተኛው የካርዱ ፍጥነት ነው። ርካሾቹ የኤች ኤክስ 711 ካርዶች ሲመጡ በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ እንዲለኩ ተደርገው ነው፤ ፍሬኑ ከእግራችሁ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ቺፑ ላይ ፍጥነት የሚወስነውን እግር ከመሬት አላቃችሁ ከአዎንታዊው መስመር ጋር ስታገናኙት በሰከንድ 80 ጊዜ ይለካል። ይህ አንድ ብየዳ ነው፤ ሳይሠራ ከቀረ ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ሦስተኛው ስትረግጡ ቁጥሩ ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ ምንም አልተበላሸም፤ ሁለቱን የምልክት ሽቦዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴና ነጩን፣ አለዋውጧቸው።

ሎድ ሴሉ ራሱ አይወርድም። ስለዚህ ከፊቱ ጎማ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ግድግዳ እንደ መርገጥ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጥ የሾክ አብዞርበር ትንንሽ ጎማ ጥሩ ይሠራል። አንድ ለስላሳ፣ ከኋላው አንድ ጠንካራ፣ በመካከላቸው ሮንዴላ፤ ጠቅላላው የፔዳል ጉዞ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ልኬቱን ስታስተካክሉ በሙሉ ጉልበታችሁ ረግጣችሁ «ይህ 100 በመቶ ነው» አትበሉ። ከቻላችሁት ጉልበት ሁለት ሦስተኛው ላይ 100 በመቶ አድርጉት፤ አለዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጭናችሁ ይደክምና ፍሬኑ ይለዋወጣል።

ወንበሩና ብረቱ

ሎድ ሴል ፍሬን 30 እና 40 ኪሎ ጉልበት ይቀበላል። ይህ ጉልበት ፔዳሉን ወደፊት፣ እናንተን ወደ ኋላ ይገፋል። ፔዳሉ ሥር ያለው ጥርስ ምንጣፍ ላይ ይይዛል፤ ሊሾ ወለል ላይ ግን እንደ በረዶ ይንሸራተታል። መፍትሔው ከፔዳሉ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ የሚደርስ ጣውላ ማስገባት ነው። እግር ያለው ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ደግሞ ጎማዎቹን ነቅሎ ወይም አሮጌ ጫማ ውስጥ አስገብቶ፣ ከፔዳሉ ጣውላ ጋር በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ማሰር ይበቃዋል። ይህ ለጂ29 ዓይነቱ በቂ ነው።

ለ5 ኒውተን ሜትርና ከዚያ በላይ ግን የጠረጴዛ መቆንጠጫ አልመክርም። ቺፑድ ጠረጴዛ ይፈረፈራል፤ ሳይፈረፈርም ከመሪው ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛው የወሰደው እንቅስቃሴ ሁሉ ከእጃችሁ የተሰረቀ መረጃ ነው። ብረት አስበይዱ። 40 በ40 የሆነ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ፣ አንድ ባለ 6 ሜትር ቤርጋ ለዋናው አካል ልክ ይመጣል፦ ሁለት የ1.30 ሜትር የወለል ብረት፣ ሦስት የ50 ሴንቲ ሜትር አግዳሚ፣ ሁለት የ65 ሴንቲ ሜትር ቋሚ፣ አንድ የ50 ሴንቲ ሜትር የላይ አግዳሚ። ድምሩ 5.90 ሜትር ነው፤ የተረፈው ለመጋዝ ብናኝ ይሆናል። ቋሚዎቹን የሚደግፉ ሁለት ሰያፍ፣ እያንዳንዳቸው 45 ሴንቲ ሜትር፣ ከሌላ ቁርጥራጭ ይገኛሉ። እነዚህን እንዳትተዉ፤ ያለ ሰያፍ የቆመ መሪ ፍሬን ሲረገጥ ይሰግዳል። ቁመቱ ወንበራቸው 45 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ነው፤ የመኪና ወንበር ዝቅ አድርገው የሚገጥሙ ቋሚውን ወደ 50 ያውርዱት። የፔዳሉ መቀመጫ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልሳሳ ላሜራ ይሁን፤ ሥሩም አግዳሚ ብረት ይኑረው።

በያጁ መሪውን የሚያስረውን ላሜራ ከበየደ በኋላ ሳይሆን በፊት እንዲበሳው ንገሩት። የጂ29 ሥር ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች የ6 ሚሊ ብሎን ይወስዳሉ፤ ብሎኑ ከረዘመ ውስጡን ይወጋዋልና ላሜራውንና ሮንዴላውን ቆጥራችሁ ግዙ። መሪው ብረቱ ላይ ተቀምጦ ብየዳ በፍጹም አይሠራም፤ በመሪው በኩል የሚያልፈው የብየዳ ጅረት ኤሌክትሮኒክሱን ያቃጥለዋል።

መብራት

አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት ካላለ አትሰኩት፤ በ120 ቮልት ከሚጠቀም አገር የመጣ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያ ይኖረዋል። መቀየሪያ ሶኬት ከመደራረብ ይልቅ ኬብሉ ከአዳፕተሩ የሚነቀል ከሆነ ኬብሉን ብቻ ቀይሩት፤ ብዙዎቹ የኮምፒውተር ኬብል ይወስዳሉ። የላላ መቀየሪያ በየኩርባው መሪውን ያጠፋዋል፤ ሰውም መሪው የተበላሸ ይመስለዋል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ መሪው ግን ይሞታል። አደጋው ሲመለስ ነው። መብራት እንደመጣ መሪው ራሱን ለመለካት ከጫፍ እስከ ጫፍ በፍጥነት ይዞራል፤ እጅ በመሪው ክፍተት ውስጥ ካለ ይመታል። ዳይሬክት ድራይቭ ላይ አውራ ጣት መሪው ውስጥ ተጠምጥሞ መያዝ በግጭት ጊዜም አደገኛ ነውና ጣቱን ጠርዙ ላይ ማሳረፍ ልመዱ። መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩን ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር ለመሪውም ለኮምፒውተሩም ያስፈልጋል።

ብረቱን ስትነኩ እጃችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ ቤቱ የምድር ሽቦ የለውም ማለት ነው። ይህ ለጤና ብቻ አይደለም የሚያሳስበው፤ የዩ ኤስ ቢ መቆራረጥና የሎድ ሴል ቁጥር መንቀጥቀጥም ከዚሁ ይመጣል። መፍትሔው ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ትክክለኛ የምድር ሽቦ ማስገባት ነው። የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰር ለጎረቤትም አደጋ ነው።

ሶፍትዌሩ ላይ

የፕሌይስቴሽን መቀየሪያ ቁልፍ ያላቸው መሪዎች ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ ቁልፉ በፒ ኤስ 3 በኩል ይሁን። በአምራቹ ሶፍትዌር ውስጥ መሪውን ወደ መሐል የሚመልሰውን ሞላ አጥፉት፤ እሱ ከበራ ጨዋታው የሚልከውን ኃይል በሐሰተኛ ኃይል ይሸፍነዋል። ዙሩን 900 አድርጉት። ከዚያ በዊንዶውስ የጌም መቆጣጠሪያዎች መስኮት ገብታችሁ መሪውና እያንዳንዱ ፔዳል ከጫፍ ጫፍ ሳይዘል መሄዱን እዩ። ሁለተኛ እጅ ከመክፈላችሁ በፊትም ይህንኑ አድርጉ፦ መሪውን አሥር ጊዜ በፍጥነት ከጫፍ ጫፍ አዙራችሁ ወደ መሐል መልሱት፤ መሐሉ ከቦታው ከሸሸ የዙር መለኪያው ታሟል፤ አትግዙት።

አሴቶ ኮርሳ በሚባለው የውድድር ጨዋታ ልጀምር፤ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ለኛ አገር ግንኙነት ይመቻል። አይሬሲንግ በክፍያና ሁልጊዜ በተገናኘ መስመር ነው። አሴቶ ኮርሳ ውስጥ የፔዳል ማሳያውን ስክሪኑ ላይ አውጡ፤ ከፔዳሎቹ ጎን ያለው ግራጫ አሞሌ የመሪው ኃይል ነው። ኩርባ ውስጥ ወደ ቀይ ከተለወጠ ጨዋታው ሞተሩ ከሚችለው በላይ እየጠየቀ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ይሰማል፤ ያቺ የመቅለል መልእክትም ትጠፋለች። አሞሌው በረጅም ፈጣን ኩርባ ላይ ሊቀላ ጥቂት ሲቀረው እንዲቆም በቁጥር ሰሌዳው መደመርና መቀነስ ኃይሉን አስተካክሉት። ትንሽ መሪ ያለው ሰው ክብደት ፍለጋ ወደ ላይ ይጨምራል፤ የሚያገኘው ግን ደንቆሮ መሪ ነው። ዝቅ አድርጉት።

ዝቅተኛ ኃይል (ሚኒመም ፎርስ) የሚለው ማስተካከያ ደግሞ ሰበቃው የሚውጠውን ደቃቅ ኃይል ለመመለስ ነው። በጥርስ ለሚሠራ ከ10 በመቶ አካባቢ ጀምሩ፤ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እጃችሁን ስትለቁ መሪው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ አብዝታችኋል። ለቺንጊያ ግማሹ ይበቃል፤ ለዳይሬክት ድራይቭ ዜሮ። የፍሬን ጋማውን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሬኑ እንዴት እንደሚጨምር የሚወስነውን ቁጥር፣ ሎድ ሴል ካላችሁ 1 ላይ አድርጉት፤ ርቀት በሚለካ ፔዳል ግን ከ2 በላይ ሲሆን መጀመሪያው ይለሰልሳል፣ እግርም መቆጣጠር ይቀለዋል።

መሪው በመሐል ጨዋታ ከተቋረጠ ከመጠርጠራችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈትሹ። የዩ ኤስ ቢ ማከፋፈያ ላይ ከሆነ አንስታችሁ ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ሰኩት። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥም ዩ ኤስ ቢን ለቁጠባ የሚያሳርፈውን አጥፉት።

አቧራውን በተመለከተ፣ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ፔዳሎቹን ገልብጣችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ ሳትነዱ ስትቀሩ ጨርቅ አልብሷቸው። የፔዳል ማጠፊያ ሲንጫጫ ነጭ ግራሶ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ልክ ብቻ ቀቡ፤ የመኪናው ጥቁር ግራሶ ፕላስቲክ ላይ ወፍሮ አቧራ ይሰበስባል። ሴንሰሩ አጠገብ ግን ምንም ዓይነት ግራሶ አይድረስ።